የባሕር ወንበዴው ጥርኝ

ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ የጡረታ ጉዳይ የመታወቂያዬን ኮፒ ስለተጠየቅሁ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ይወርዳል። ቦንጋ ውስጥ ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ ቀኑን ሙሉ መስጠት ስለሆነ ጃንጥላዬን ይዤ ነበር የወጣሁት። የቤቷ ባለቤት ምሕረት፣ መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ስለነበር ማሽኑ እስኪሞቅ ትንሽ እንድጠብቅ ነግራኝ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔም የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ከጃንጥላዬ የሚንጠባጠበው ውሃ እግሬ ሥር ኩሬ ሲሠራ እያየሁ ሳለ አንድ ዜማ ሰማሁ። ቀጭን፣ የተቆራረጠች፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የምትወጣ የምትመስል ዜማ ናት። ከሥሯ የውሃ ድምፅ አለ። ቀጥሎ አንድ ወፍ ጮኸ፤ የባሕር ወፍ። ቦንጋ ተወልዳ ቦንጋ ያረጀች ሴት የባሕር ወፍ ድምፅ ለይታ ታውቃለች ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላም አልሳትኩትም።

«ምሕረት፣ ጥርኙ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የምን ጥርኝ፣ እትዬ ጽጌ?»

ተነሥቼ ከጀርባዋ ቆምኩ። እሱ ነው። ቀይ ሻሽ ራሱ ላይ አስሮ፣ አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ አጭር ጎራዴውን ይዞ ከአንዱ ሳንቃ ወደ ሌላው ይዘላል። ጥቁርና ግራጫ ቀለበት ያለበት ጭራው ከኋላው ይወዛወዛል። ምሕረት ሣቀች። «ይሄማ ራኩን የሚባል የፈረንጅ አገር አውሬ ነው። የድሮ ጌም ነው፤ አንድ ደንበኛ ፍላሽ ላይ ይዞት መጥቶ እዚህ ቀረ። ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። እኛ ራኩን የሚባል ስም ሰምተን አናውቅም። ፊቱ ላይ እንደ ጭምብል ጥቁር ያለው፣ ጭራው የተዥጎረጎረ፣ በጫካችን የምናውቀው እንስሳ ጥርኝ ብቻ ነበርና ጥርኝ አልነው፤ ጥርኝ ሆኖም ቀረ። ኮፒዬን ተቀብዬ ስወጣ እግሬ ወደ ቤት መሄዱን ትቶ ሽቅብ፣ ድሮ መሥሪያ ቤታችን ወደነበረበት ጉብታ ይዞኝ ወጣ።

አሁን እዚያ ጉብታ ላይ መስኮቱ ሰማያዊ መስተዋት የሆነ ፎቅ ቆሟል። በእኔ ጊዜ ግን የእንጨት ቤት ነበር፤ ወለሉ ሲረገጥ የሚንጫጫ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ሰፊ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው እጅግ ይጮህ ስለነበር ኃላፊያችን ስብሰባውን አቋርጠው እስኪያልፍ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁ ነበር። እኔ በታይፒስትነት የተቀጠርኩት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። በዚያን ጊዜ እኛ የመሥሪያ ቤት ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጉርድ ቀሚስ እንለብሳለን፤ ከላይ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት። ጭቃው ለዚያ ልብስ የተሠራ አልነበረምና ቦቲ ጫማ አድርገን እንመጣና ደጃፉ ላይ በሸበጥ እንቀይራለን። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በሃያ አምስት። ወደ ገበያው በሚያስወርደው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ካሴት ቤቱ አለ። ስፒከሩን ደጅ አውጥቶ ጠዋት አንዱን ዘፈን ከጀመረ እስከ ማታ እሱኑ ይመላልሰዋል። አንድ ዘፈን ለአንድ ወር የከተማው ሁሉ ዘፈን ይሆናል፤ ከዚያ ሌላው ይመጣል። ዛሬ ያ መታጠፊያ የሞባይል መሸጫ ነው። ስፒከሩ አሁንም ደጅ ነው፤ የሚጮኸውን ግን እኔ አላውቀውም።

ጋሽ ወልዴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለችው ማንኪራ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ ሰሜን ሄደው፣ ብዙ ዓመት ቆይተው፣ ታመውና ከስተው ብቻቸውን እንደተመለሱ ይወራል። ከዚህ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም። በዚያን ዘመን ከሰሜን የተመለሰን ሰው ብዙ አንጠይቅም ነበር። ከገበያው በታች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ፋይሎቻቸውን በሲባጎ ሲያስሩ ቋጠሮው ለብቻው ነበር፤ ቢጎተት ቢጎተት አይላላም፣ አንዷን ጫፍ ስትነኩለት ግን እጃችሁ ላይ ይፈታል። እኛ የምናስረውን በመቀስ እንቆርጣለን። የት እንደተማሩት ግን አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም።

ኮምፒውተሩ የመጣው በዚያ ወራት ነው። በካርቶን ታሽጎ፣ በመኪና ከአዲስ አበባ፣ ከጂማ ወዲህ ያለውን ጭቃ ሁሉ አልፎ። ኃላፊያችን ለእሱ አንድ ክፍል አስለቀቁለት፤ መጋረጃ ተሰቀለለት፤ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ተከለከለ። እኔ ዳንቴል ሠርቼ አለበስኩት። ለሃያ ዓመት በታይፕራይተር የጻፉት አለቃዬ እትዬ ዘነቡ አንድ ጊዜ ከፊቱ ተቀምጠው ተነሡ። «እንደ መስኮት ያበራል፤ ከውስጡ ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል» አሉና ወደ ታይፕራይተራቸው ተመለሱ። ስለዚህ ጂማ ለሦስት ሳምንት ሠልጥኜ የተመለስኩት እኔ ብቻዬን ከእሱ ጋር ቀረሁ። ሊገጥመው የመጣው ባለሙያ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ። «እጅሽ ኪቦርዱን እንዲለምድ» አለና ጥርኙን ከፈተልኝ።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። የእኔ ቤት ሩቅ ስለነበር ምሳዬን በሳህን ቋጥሬ እመጣለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ዳንቴሉን ገልጬ ጥርኙን እከፍታለሁ። የገዛ ወንበዴዎቹ ከድተውት መርከቡን ቀምተው፣ ካርታውን ቀዳደው በየደሴቱ በትነውበታል። እሱ ደግሞ ቁርጥራጩን እየለቀመ ወደ አገሩ መመለስ አለበት። እኔ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ከደሴት ወጥቶ መርከብ ላይ የሚዘልበት ቦታ ነው፤ ገመድ፣ ምሰሶ፣ በርሜል፣ ከሥሩም ሰማያዊ ባሕር። አንድ ቀን ወፏ ስትጮህ ከኋላዬ የወለሉ ሳንቃ ተንጫጫ። ደንግጬ ዞርኩ። ጋሽ ወልዴ አንድ ፋይል አቅፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተረከዙ በሌላ ቀለም ክር በተሰፋ ካልሲ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጽጌ፣ ይሄ ወፍ ከየት መጣ?»

«ከኮምፒውተሩ ነው፣ ጋሽ ወልዴ። እባክዎን ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

ቀስ ብለው መጥተው አጎነበሱ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሰማያዊ ሆኖ አረፈ። ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «ባንዲራው ወደ ቀኝ ይውለበለባል፤ ሸራው ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። ይሄን የሠራው ሰው መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም» አሉ።

«እርስዎ ወጥተው ያውቃሉ?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት የሁለታችን ሆነ። ለእሳቸው ወንበር ከጎኔ አደርጋለሁ። ጣቶቻቸው ለቁልፎቹ ትልቅ ስለነበሩ አንዱን ሲነኩ ሁለት ይጫናሉ። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈልን፤ እኔ ጥርኙን ወደፊትና ወደኋላ አስሄደዋለሁ፣ እሳቸው ረጅሙን ቁልፍ እየተጫኑ ያዘልሉታል። መጀመሪያ ላይ ስንት ጊዜ ባሕር እንደከተትነው አልቆጥረውም። እኔ ስሮጥ እሳቸው ይዘገያሉ፤ እሳቸው ሲዘሉ እኔ እቆማለሁ። በኋላ ግን ሳንነጋገር መግባባት ቻልን። ትንፋሻቸውን ሰምቼ ሊያዘልሉ መሆኑን አውቃለሁ። አሁን ሳስበው እንዲህ በትንፋሽ የተግባባሁት ሰው ከባለቤቴ ቀጥሎ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለቤቴን ያገኘሁት ደግሞ ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ጥርኙ መርከቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ከፊቱ ባሕር ብቻ የሚታይበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «እስቲ አቁሚው» ይሉኛል። አቆመዋለሁ። ሳይነኩት ሲቆይ እንስሳው ራሱ አንዳንድ ነገር ያደርግ ነበር። መጀመሪያ ጭራውን ያካል፣ ከዚያ ያዛጋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ እግሩን ወደ ውሃው አንጠልጥሎ ያያል። እኛም አብረነው እናያለን። ቆርቆሮው ላይ የኛ ዝናብ ይወርዳል፤ ውስጥ ደግሞ የእሱ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። አሁንም አላየሁም። ግን አንድ ሰው ባሕር ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ወዲያው የሚታየኝ የዚያ ክፍል መጋረጃ፣ የረጠበ ኮት ሽታና የጋሽ ወልዴ ዝምታ ነው። አንዳንዴ ማታ ቤቴ ተኝቼ የጣሪያዬን ዝናብ ስሰማ አልጋዬ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

ታሪካቸውን የነገሩኝ እዚያው የመርከብ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ትንሽ እያደረጉ። ምጽዋ ሚስት ነበረቻቸው፤ ለተማርያም ትባላለች። ሴት ልጅም ነበረቻቸው።

«ራሄል አራት ዓመቷ ነበር» አሉኝ ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሡ። «ስወጣ ሁልጊዜ እስከ ወደቡ ትሸኘኛለች። ለምሳ ትመለሳለህ ወይ ትለኛለች፤ መርከብ የሚሄድበትን ርቀት አታውቅማ። የመጨረሻ ቀን ግን ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኳትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያው የሆነው ሆነ፤ ወደቡ በጦርነት ተያዘ። መርከቡ ወደ ወጣበት አልተመለሰም። በሰው አገር ወደብ ላይ ቀረን። በኋላ እዚህ ስደርስ ሦስት ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ የለም። ከዚያ ሁለቱ አገሮች ተዋጉና መንገዱም ፖስታውም ተዘጋ።»

በዚያን ጊዜ ታላቅ እህቴ ሙሉ ዓረብ አገር ሄዳ ልብስ ስፌት ትሠራ ነበር። ከእኛ ወደ ምጽዋ ቀጥታ ደብዳቤ አይሄድም፤ ከእሷ ግን ይሄዳል። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። ጥርኙ ሳይዘል ባሕር ገባ። ማናችንም አላዘንለትም።

ደብዳቤውን እሳቸው እየነገሩኝ በዚያው ኮምፒውተር ጻፍኩት፤ ሦስት ምሳ ሰዓት ፈጀብን። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የወጣቸው፤ «ለተማርያም፣ እኔ በሕይወት አለሁ።» ከዚያ በኋላ ያለውን ሲነግሩኝ ወደ መስኮቱ ዞረው ነው። አትሜ አሳየኋቸው፤ ፊደሉን በጣታቸው ነኩት። በእህቴ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ላኩት። ከዚያም በየዓርቡ ጋሽ ወልዴ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል። «ፖስታ ቤት ሄደሽ ነበር?» ሄጄ ነበር እላለሁ፤ ገና ነው እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ወደ ጥርኙ እንመለሳለን።

መልሱ የመጣው ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። በእህቴ ደብዳቤ ውስጥ ታጥፎ፣ ሳይታሸግ። እህቴ በራሷ ወረቀት ላይ «አንብቢውና እንዴት እንደምትነግሪያቸው አስቢበት» ብላ ነበር። አነበብኩት። በሰማያዊ ቢክ፣ ደህና አድርጎ በተማረ እጅ፣ በአማርኛ ነው የተጻፈው። ለተማርያም መርከቡ ሰጥሟል ተብላ ሁለት ዓመት ጥቁር ለብሳለች። ከዚያ አግብታለች፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ራሄል ያሳደጋትን ሰው አባዬ ትለዋለች። «የወለዳት አባቷ እንደሞተ ታውቃለች፤ አልቅሳለታለች። ሁለተኛ እንድታለቅስለት አላደርግም። በሕይወት በመኖርህ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ማታ ማታም አመሰግናለሁ። ግን ወልዴ፣ እባክህ አትጻፍልኝ» ይላል።

ደብዳቤውን የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከካርቦን ወረቀቱ ሥር አስቀመጥኩት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ደግሞ ስድስተኛውን ደረጃ አለፍንና እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ ተውኩት። ፋሲካ ይለፍ አልኩ፤ ፋሲካ አለፈ። ዓርብ ሲመጣ «ፖስታ ቤት ሄደሽ ነበር?» ይሉኛል፤ «ሄጄ ነበር» እላለሁ። ሌላ አልጨምርም። ውሸት አልተናገርኩም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ምግብ አስጠላኝ፤ እትዬ ዘነቡ «ታመሽ እንደሆነ ንገሪኝ» እስኪሉኝ ድረስ ከሳሁ። መሳቢያው ውስጥ ሰው አሥሬ ያስቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ሲከፈት እደነግጣለሁ፤ ሲዘጋም እደነግጣለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ሄደ።

የመጨረሻው ደረጃ ወደብ ነው። አንድ ትልቅ አዞ፣ የመርከበኛ ኮት የለበሰ፣ ድንጋይ ግንብ ላይ ቆሞ በርሜል ይወረውራል። ለአሥራ አምስት ቀን አላሳልፍ አለን። አንድ ሐሙስ ቀን፣ ክረምቱ ገብቶ ክፍሉ ውስጥ መብራት ካልበራ በማይታይበት ቀትር፣ አለፍነው። አዞው ወደቀ። ሙዚቃው ዝም አለና ሌላ፣ ዘገም ያለች ዜማ ጀመረች። መርከቡ ብቻውን፣ እኛ ሳንነካው፣ ወደ አንድ ወደብ መግባት ጀመረ። ነጫጭ ቤቶች አሉ። የድንጋይ ደረጃ አለ። ደረጃው ላይ ትንንሽ ጥርኞች ተደርድረው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጥርኙ ከመርከቡ ወርዶ መሀላቸው ገባ።

«ደረሰ» አሉ ጋሽ ወልዴ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር።

እኔ ግን ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ከካርቦኑ ሥር ደብዳቤውን አወጣሁና እጃቸው ላይ አኖርኩት። ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በታጠፈበት መሥመር አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«መቼ መጣ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«አውቄ ነበር» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ፖስታ ቤት ሄደሽ ነበር ስልሽ፣ በፊት ታዪኝ ነበር። በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ መዞር ጀመርሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» እንባዬ ይወርድ ነበር።

«አልቸኮልኩማ። ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው ሆኜ ኖርኩ። አንቺም አኖርሽኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ግን ጽጌ፣ ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊ። የሰው ደብዳቤ የሰው ነው። ቢከፋም የእኔ ነበር።»

ይህን ሲሉኝ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ከባድ ወሬ ለሰው መንገር መጥቶብኛል፤ አንዱንም ለአንድ ቀን አላሳደርኩም።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት መጡ፤ ለጥርኙ ግን አልነበረም። «አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ አጭር ነው» አሉ። እንዲህ ብለው አስጻፉኝ። «ለተማርያም፣ ያደረግሽው ሁሉ ልክ ነው። ልጄን ላሳደገልኝ ሰው ጤና ይስጥልኝ። ከእንግዲህ አልጽፍም። የላኪዋን አድራሻ ግን አትጣይው። አንድ ቀን ራሄል ራሷ ከጠየቀችሽ ስጫት፤ ካልጠየቀችሽ ይቅር።» ፈረሙበት፤ በእህቴ በኩል ላክሁት። ከዚያ ወዲያ ጫማቸውን አውልቀው ወደዚያ ክፍል የገቡት ለሥራ ብቻ ነው። እኔ ጥርኙን ለብቻዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። በገዛ እጄ ማስኬዱም ማዘለሉም አላቃተኝም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ይሄድልኛል። ግን መርከቡ ጫፍ ላይ ደርሼ ሳቆመው ማንም አቁሚው ያለኝ ሰው ስላልነበር ዘጋሁት።

ጊዜው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። እኔ ወደ ቢታ ገነት ተዛወርኩ፤ እዚያ አስተማሪ አገባሁ፤ ልጆች ወለድኩ፤ ወደ ቦንጋ ተመለስኩ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ መጋዘን ገባ። እንጨቱ ቤት ፈረሰ። እትዬ ዘነቡ ዐረፉ። ጋሽ ወልዴ ጡረታ ወጥተው ማንኪራ፣ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ገቡ። ጫካው ውስጥ ንብ ያረቡ፣ ለበዓልም ማር ይልኩልኝ ነበር። ገበያ ሲወጡ ከተገናኘን ስለ ጤናና ስለ ዝናብ እናወራ ነበር። ሌላውን ነገር አንስተን አናውቅም ነበር።

ሙሉ ግን ፖስታ ሣጥኗን ቀይራ አታውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ ደወለችልኝ። «ጽጌ፣ አንዲት ልጅ የድሮ ፖስታ ይዛ ስፌት ቤቴ መጣች። ራሄል እባላለሁ ትላለች። እናቷ ሞታባታለች። ከመሞቷ በፊት ነግራታለች። እዚህ ለሥራ መጥታ አድራሻዬን ስታፈላልግ ነው የከረመችው። ሰውየው አሉ ወይስ የሉም?»

«አሉ» አልኳት። «ሁለት ሰዓት ስጪኝ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት እሁዶች ብዙ ናቸው። ጋሽ ወልዴ እስኪያርፉ ድረስ ራሄል አንድም እሁድ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። እኔ ግን የማስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። ባለሞተር ለምኜ መንገዱ እስከሚያደርሰው ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ቡናው መሀል ባለችው የእግር መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ጋሽ ወልዴ አንድ ቀፎ ሥር ተቀምጠው ሐረግ ይገምዳሉ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። እያለከለክሁ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የሰማሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እዚያው ነገርኳቸው፤ የለተማርያምንም ሞት። ሐረጉን መሬት ላይ አኖሩ።

«ስለ ለተማርያም ነገ አለቅሳለሁ» አሉ ቆይተው። «ልጄ በምን ቋንቋ ነው የምታወራው?»

«አማርኛ አትችልም ብላኛለች ሙሉ። ትግርኛ ነው።»

«እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አሉ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለብቻቸው ቃል ይፈልጉ ጀመር።

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ያለው ገላጣ ላይ ነው። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው፤ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ደወልኩ። ሙሉ አነሣች፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የሚጠነቀቅ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። መጀመሪያ አንድ ቃል ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ቋንቋው እንዳለ ተመለሰላቸው። እኔ አንዱንም አልሰማሁም። ፊታቸውን ብቻ ነው ያየሁት። አንዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዴ ሣቁ። አንዴ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩትና መልሰው አስጠጉት። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ፀሐይ ደመናውን ለትንሽ ጊዜ ከፍታ ቡናው ቅጠል ላይ ያለው ውሃ ሁሉ አበራ።

ሲጨርሱ ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

«ምን አለችዎት?»

«ምሳ በልተሃል ወይ አለችኝ።»

«ምን አሏት ታዲያ?»

«በልቻለሁ አልኳት።»

ተነሡ። ቁልቁል ወደ ቤቱ እያዩ የእህታቸውን ልጅ ተጣሩና የሚበላ ነገር እንድታቀርብ ነገሯት። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ እየሄደ ነበር።

«እስካሁን ሳይበሉ ነው እንዴ የዋሉት?» አልኳቸው።

«ንቡን ስል ረስቼው ነው። አሁን ግን ልብላ። ለልጄ መጀመሪያ የነገርኳት ነገር ውሸት መሆን የለበትም።»

ቆጮና ማር ቀረበ። በሩ ላይ፣ የመጨረሻው ብርሃን ዘንድ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔንም ብይ አሉኝ። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ፍርፋሪ ሳያስቀሩ ጨረሱት።